እጅ ከመቁጠር በፊት፦ ብዙኃኑ የሚወስነውና የማይወስነው

ልደታ አካባቢ ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ መግቢያ ላይ አንድ ቃለ ጉባኤ ተለጥፏል እንበል። ብሎኩ ውስጥ 30 ቤት አለ። ወረቀቱ አምስት ውሳኔ ይዟል፦ የጥበቃ መዋጮ ከ300 ብር ወደ 500 ብር ከፍ ይላል፤ ኮሚናሉ (የብሎኩ የጋራ መገልገያ ቤት) ለእንጀራ ጋጋሪ ይከራያል፤ ማንም ባለቤት ቤቱን ለላጤ አያከራይም፤ የሦስት ወር መዋጮ ያላስገባ ቤት ውሃው ይዘጋበታል፤ በየቤቱ ጸሎት ማድረስ የተከለከለ ነው። ከታች ክብ ማኅተም፣ ከማኅተሙ በላይ ደግሞ «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚል ቃል አለ።

አምስቱም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ማኅተም ስለመጡ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አይደሉም። የመጀመሪያው በድምፅ የሚያልቅ ነው። ሁለተኛው ከተራ ድምፅ ከፍ ያለ ስምምነት ይፈልጋል። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን 29ኙ ቤት ቢስማማበትም 30ኛውን አያስገድዱም። ስንት ሰው ደገፈ ከሚለው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ነገሩ መጀመሪያውኑ ድምፅ የሚሰጥበት ነው ወይ የሚለው ነው። በየብሎኩና በየዕድሩ፣ በምክር ቤትም ጭምር የምናየው አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ይህን ጥያቄ ዘሎ ወደ ቆጠራ ከመሄድ ነው።

ስለ ቆጠራው ራሱ አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። «ብዙኃኑ» የምንለው ብዙ ጊዜ ከምናስበው ያነሰ ነው። በብዙ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ግማሹ ሲደመር አንድ አባል ሲገኝ ነው። ከ30 ቤት 16ቱ ከመጡ ስብሰባው ይካሄዳል፤ ከ16ቱ 9ኙ ከደገፉ ውሳኔው ያልፋል። ስለዚህ «ነዋሪው ወሰነ» የተባለው 9 ቤት ነው፤ 21 ቤት አልደገፈም ወይም አልተገኘም። አራት ኪሎም ሒሳቡ ያው ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 274 አባላት ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ይሞላል፤ ተራ ውሳኔ ደግሞ በተገኙት አብላጫ ድምፅ ስለሚያልፍ፣ ሁሉም ድምፅ ከሰጡ 138 እጅ ይበቃል። የምርጫ ሥርዓታችንም በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ ብልጫ ያገኘውን ያሳልፋል እንጂ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠይቅም። ሦስት ዕጩዎች 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ ባለ 40ው ያልፋል፤ 60 በመቶው ሌላ ሰው መርጧል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሥራ እንዲሠራ የተስማማንበት ዘዴ ነው። ዘዴ ስለሆነ ግን የሚደርስበት ወሰን አለው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ።

የጥበቃው መዋጮ የጋራ ነገር አስተዳደር ነው። ጥበቃ፣ የደረጃ ጽዳት፣ የፓምፕ ጥገና፣ የጣሪያ እድሳት፣ የግቢ መብራት የሁሉም ስለሆኑ ሁሉም ባንድነት መወሰን አለባቸው፤ ሁሉም እስኪስማማ ቢጠበቅ ደግሞ ጣሪያው እስከ ክረምት አይጠገንም። እዚህ ላይ የተሸነፈው ወገን ይከፍላል። «እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ጣሪያ አይመለከተኝም» ማለት አያስኬድም፤ ጣሪያው የምድር ቤቱም ጣሪያ ነው። የግለሰብ መብት ሲባል አንድ ሰው የሌላውን ሁሉ ሥራ የሚያስቆምበት መቆለፊያ የሚመስላቸው አሉ። እንዲህ ከተረዳነው ሕንፃው ይፈርሳል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበር እንዲቋቋም፣ ባለቤቶችም ለጋራ ወጪ እንዲያዋጡ ያደረገው ለዚህ ነው።

የኮሚናሉ ነገር ይለያል። ኮሚናል የተሠራው ለድግስ፣ ለለቅሶ፣ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ ነው። ለነጋዴ ሲከራይ የጋራው ቤት የተመደበበት አገልግሎት ተለወጠ ማለት ነው። አንድ ሰው ቤቱን ሲረከብ ኮሚናሉንም አብሮ ተረክቧል፤ ድርሻው ገንዘብ አለው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በዕለቱ በተገኙት 9 እጆች መጨረስ አደገኛ ነው። ከስብሰባው በፊት የሕንፃው መግለጫና የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ተከፍቶ፣ የጋራ መገልገያን ለመለወጥ ስንት ድምፅ እንደሚጠይቅ መነበብ አለበት። ብዙ ኮሚቴዎች ይህን ሳያነቡ ውል ይፈርማሉ። ኪራይ ተቀብለው ምጣዱ ከገባ በኋላ አንድ ባለቤት ፍርድ ቤት ሄዶ ያስፈርሰዋል፤ ጋጋሪዋም በመሃል ትከስራለች።

የዚህን ዓይነቱን ነገር መልክ ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳየው የውርስ ቤት ነው። ፒያሳ ወይም እሪ በከንቱ አካባቢ አምስት ወንድምና እኅት ከወላጆቻቸው አንድ ቤት ወርሰዋል እንበል። አራቱ መሸጥ ይፈልጋሉ፣ አንዷ አትፈልግም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የጋራ ባለሀብትነት ድንጋጌዎች መሠረት የጋራ ንብረትን መሸጥ ወይም የተመደበበትን አገልግሎት መለወጥ የሁሉንም ባለድርሻዎች ስምምነት ይጠይቃል። አራት ለአንድ እዚህ ላይ አይሠራም። ያ ማለት ግን አንዷ አራቱን ለዘላለም አስራ ትኖራለች ማለት አይደለም። ማንኛውም ባለድርሻ ክፍፍል መጠየቅ ይችላል፤ በዓይነት የማይከፈል ከሆነ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ሕጉ የአንዷን ድርሻ በድምፅ ከመበላት ጠበቀ፤ አራቱንም መውጫ አላሳጣቸውም። ጥሩ ሕግ ሁለቱንም እንዲህ ሲያስተናግድ ደስ ይላል።

ላጤ እንዳይከራይ የሚለው ውሳኔ በየሰፈሩ የተለመደ ስለሆነ ብዙ ሰው ትክክል ይመስለዋል። ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ እንዲውል፣ መጠጥ ቤት ወይም ብየዳ ቤት እንዳይሆን መገደብ አንድ ነገር ነው፤ ገደቡ በአጠቃቀሙ ላይ ነው፣ ለሁሉም እኩል ይሠራል። «ማን ይኑርበት» ብሎ መወሰን ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ ቤቱን ማከራየት የባለቤቱ የንብረት መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የሚጠብቀው። ሁለተኛ፣ ተከራዩ ምንም ሳያጠፋ ባላገባነቱ ብቻ ይባረራል፤ አንቀጽ 25 ደግሞ ሰውን በማንነቱና በሁኔታው መለየትን ይከለክላል። የነዋሪው ስጋት ጫጫታ ከሆነ ደንቡ ጫጫታን ይከልክል፤ ያገባም ላጤም ይቀጣበት። ገደብ ድርጊትን ትቶ ሰውን ሲይዝ፣ ብዙኃኑ ከወሰኑ እንደወጣ ያኔ ይታወቃል።

ውሃ መዝጋቱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ነው። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳ ደግሞ ማስከፈያ መንገድ አለው፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሽምግልና፣ ካልሆነ ክስ። ማኅበሩ ቀጪም አስፈጻሚም ሆኖ ቧንቧ ሲዘጋ፣ 500 ብር ለማስከፈል ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበትን ቤት ያለ ውሃ ያሳድራል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የታወከበት ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ፣ ካሣም መጠየቅ ይችላል። ክሱ ሁከቱ ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው አይሰማም። ተከሳሹ ድርጊቱን የሚፈቅድለት መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያሻማ ማስረጃ ካላሳየ ፍርድ ቤቱ ሁከቱ እንዲወገድ ያዛል። «ስብሰባ ወስኗል» የሚል ቃለ ጉባኤ ራሱን የቻለ መብት አይደለም። መለየት ያለበት አንድ ነገር ብቻ አለ፦ የመስመሩ ውሃ በፈረቃ ሳይመጣ ሲቀር ነዋሪው አዋጥቶ በቦቴ የሚያስመጣው ውሃ ካለ፣ ላልከፈለው ሰው ከዚያ አለመቅዳት ቅጣት አይደለም፤ ያልገዛውን አላገኘም። በራሱ ቆጣሪ የሚመጣለትን መስመር መዝጋት ግን ጉልበት ነው። ክሱን የፌዴራል ይሁን የከተማው ፍርድ ቤት እንደሚያየው መዝገብ ከማስከፈት በፊት ሬጅስትራር ጋ መጠየቅ ይገባል። ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት የተከፈተ መዝገብ ይዘጋል፤ በመሃል የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ ከ2 ዓመቱ ላይ ሊቀነስ ይችላል።

አምስተኛው፣ የጸሎቱ ጉዳይ፣ ሁለት ነገር ስለተቀላቀለበት ነው የሚያከራክረው። ሰው በቤቱ መጸለዩ የእምነት ነፃነቱ ነው፤ በአንቀጽ 27 የተጠበቀ ነው፣ ለድምፅ አይቀርብም። ድምፅ ማጉያ ሰክቶ ጎረቤትን እንቅልፍ ማሳጣቱ ግን የጎረቤትን መብት ይነካል። ሕገ መንግሥቱም እምነትን መግለጥ በሕግ ሊገደብ የሚችለው ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሥነ ምግባር ወይም ለሌሎች መብት ሲባል ነው ይላል። በአገራችን የአካባቢ ድምፅ መለኪያ ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህ ቁጥር መዝሙሩንም መንዙማውንም የሠርግ ሙዚቃውንም እኩል ይለካል። ብሎኩ «ሌሊት ከዚህ በላይ ድምፅ አይሰማ» ካለ በሥልጣኑ ውስጥ ነው፤ «አይጸለይ» ካለ ወጥቷል።

እንግዲህ ማንኛውንም አጀንዳ ለመለየት የሚጠየቀው እንዲህ ነው፦ የሁላችንም የሆነ ነገር አስተዳደር ነው? እንግዲያው ተራ ድምፅ። የአንዱን ድርሻ ወይም የነገሩን አገልግሎት የሚለውጥ ነው? እንግዲያው ደንቡ የሚጠይቀው ከፍተኛ ድምፅ ወይም የባለድርሻው ስምምነት። የአንድን ሰው እምነት፣ አካል፣ ኑሮ፣ የግል ንብረት የሚነካ ነው? እንግዲያው ከአጀንዳ ይውጣ።

ዕድር ከዚህ የሚለየው ሰው በፈቃዱ ስለሚገባበት ነው። ወርኃዊ ክፍያን፣ የቀብር ተራን፣ የማርፈጃ ቅጣትን አባላቱ በድምፅ ይወስናሉ፤ ያልተስማማ መልቀቅ ይችላል። ግን «መልቀቅ ይችላል» ማለት በወረቀት ሲታይ ቀላል፣ በኑሮ ግን ከባድ ነው። ሃያ ዓመት የከፈለች እናት ከዕድር ስትሰረዝ የምታጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ድንኳኑን፣ ሳህኑን፣ የሚቀብራትን ሰው ነው። ስለዚህ የመሰረዝ ውሳኔ ከድምፁ በፊት ሦስት ነገር ሊሟላለት ይገባል፦ ጥፋቱ በጽሑፍ ይነገራት፣ ቀን ተሰጥቷት ተገኝታ ትናገር፣ ከሳሹ ራሱ ድምፅ አይስጥ። ሳይጠሩ በሌለችበት መፍረድ በአባቶቻችን ሽምግልናም ነውር ነበር።

አሁን ከብሎክ ወደ አገር። ሕገ መንግሥቱ የመብቶችን ምዕራፍ፣ ማለትም ምዕራፍ ሦስትን ከአንቀጽ 13 እስከ 44፣ ከሌላው ክፍል በተለየ ቆልፎታል። አብዛኞቹን ሌሎች አንቀጾች ለማሻሻል ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለባቸው። ምዕራፍ ሦስትን ለመንካት ግን ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መስማማት፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ ማጽደቅ አለባቸው። ከ547 ሁለት ሦስተኛው 365 ነው። ዛሬ ካሉት 12 ክልሎች የአንዱ ምክር ቤት ብቻ እንቢ ቢል ማሻሻያው ይቀራል። አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች ምክር ቤቷ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ የከተማው ነዋሪ በተወካዮች ምክር ቤት ባሉት 23 መቀመጫዎች በኩል ብቻ ነው የሚሰማው። ይህ ለመዲናዋ ነዋሪ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ሊነገርም ይገባል።

ቁልፉ ይህን ያህል የጠበቀበትን ምክንያት ለማየት ስዊዘርላንድን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 የመስጊድ ሚናራ መሥራት ይከልከል የሚል ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ በ57.5 በመቶ ድምፅ አለፈ፤ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥም ገባ። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሚናራዎች አራት ነበሩ። ድምፁ በትክክል ተቆጥሯል፣ ማንም አላጭበረበረም። ችግሩ የአንድ እምነት ተከታዮች ጉዳይ ለቆጠራ መቅረቡ ነው።

የእኛ ቁልፍ ግን ያልዘጋው ቀዳዳ አለው። በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ወር ሊጸና፣ ከዚያም በየ4 ወሩ ሊታደስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ብዙ መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ። የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39 (1) እና (2) ብቻ ናቸው። በሕይወት የመኖር መብትና የእምነት ነፃነት ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን ሁለቱም በምንም ጊዜ እንደማይነኩ ይናገራል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል፣ አንቀጽ 13ም ምዕራፉ ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር ተጣጥሞ እንዲተረጎም ያዛል። ጠበቆች ክርክራቸውን መመሥረት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው።

የብዙኃኑ ፈቃድ ሕጋዊ ሆኖም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ሲያርፍ የሚጠየቀው ደግሞ ዋጋው ነው። መንገድ ሲሰፋ ከተማው ሁሉ ይጠቀማል፤ ቤቱ የሚፈርሰው ግን የአንድ ቤተሰብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ይሠራል፤ አንቀጽ 40 (8) መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ማዘዙ ሸክሙን ለሃምሳው ማካፈል ነው። «በቅድሚያ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ቤት ከፈረሰ በኋላ የሚመጣ ካሣ፣ እስኪመጣ ያለውን ኑሮ አይከፍልም።

መብት ከራስ ወገንም መጠበቅ ሊያስፈልገው ይችላል። በ1996 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ምክር ቤት የተወሰነ አንድ ጉዳይ ለዚህ አብነት ነው። ክርክሩ አዲስ አበባ ያለ የውርስ ቤት ላይ ነበር። አንዲት ሙስሊም ሴት ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳይታይ ተቃወመች፤ ተቃውሞዋ ግን ተቀባይነት ሳያገኝ የሸሪዓው ውሳኔ በየደረጃው እስከ ሰበር ድረስ ጸናባት። በመጨረሻ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በኩል ለምክር ቤቱ ቀረበና ተሻረላት። ምክንያቱም አንቀጽ 34 (5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ሲሆን ብቻ ነው። የሃይማኖቱ አባል መሆኗ ፈቃድ ሰጥታለች አያሰኝም።

መንገዱ እርሷ በሄደችበት ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የመደበኛው ፍርድ ቤት ወይም የመሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ደረጃ ሁሉ ያልቃል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግልባጭ ይያዛል፤ ከዚያ 11 አባላት ላሉት አጣሪ ጉባኤ አቤቱታ ይቀርባል። ጉባኤው ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይልካል፤ የለም ካለ አቤት ባዩ ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኙ ሳያልቅ የቀረበ አቤቱታ ይወድቃል። የመጨረሻው ፈራጅ ከፍርድ ቤት ይልቅ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑ፣ በእኛ እምነት፣ ብቻውን ለቆመ ግለሰብ የሚያሰጋ አሠራር ነው።

አብዛኛው ሰው ግን አጣሪ ጉባኤ ሳይደርስ፣ ገና ብሎኩ ውስጥ ይሸነፋል። የሚሸነፈውም ስብሰባው ሲጀመር በሚዞረው የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ነው። ሰው ገብቶ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፤ መገኘቱን ለመግለጽ። በኋላ ያ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር በስቴፕለር ይያያዝና የተስማሙ ሰዎች ፊርማ ሆኖ ይቀርባል፤ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል የሚወለደው ከዚህ ነው። ሌላው ከስብሰባው በኋላ ቤት ለቤት ፊርማ ማሰባሰብ ነው፤ ባለቤት ሳይኖር ተከራዩ ወይም ሠራተኛዋ ትፈርማለች።

ስለዚህ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊው የተገኙትን፣ የደገፉትን፣ የተቃወሙትንና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉትን በቁጥር ለየብቻ ይጻፍ፤ የተቃወመ ሰው ከፈለገ ምክንያቱም በአንድ መስመር ይስፈር። የመገኘት ወረቀቱ አናት ላይ «ይህ የመገኘት ፊርማ ብቻ ነው» ተብሎ ይጻፍበት። ይህ ካልተደረገ፣ የማይስማማው ሰው ከፊርማው ጎን በራሱ እጅ «ተገኝቻለሁ፤ በውሳኔው አልተስማማሁም» ብሎ ቀን ይጻፍና በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ተቃውሞውን በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ለኮሚቴው ሰጥቶ፣ በሁለተኛው ላይ «ደርሶናል» አሰኝቶ ከነቀኑ ያስፈርም። አንቀበልም ካሉ ዋናው ፖስታ ቤት ሄዶ በሬኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ይላከው፤ የሚሰጠውንም ደረሰኝ ከቃለ ጉባኤው ፎቶ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጥ።